ባለዕዳው በአደባባይ፣ ሻጩ በመጋረጃ

ዛሬ ይዘን የመጣነው ጉዳይ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

በከተሞቻችን የግብይት ነገር ተገልብጧል። በቴሌግራም ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ መኪና፣ ቻናል፣ የዌብሳይት ስም ሳይቀር የሚሸጥልን ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። አንድ የቀበሮ ፎቶ፣ አንድ ዩዘርኔም፣ ከዚያ ውጭ ምንም። በዕዳ ምክንያት ቤቱ በሐራጅ የሚሸጥበት ሰው ግን ስሙ እስከ አያቱ ተጽፎ፣ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ የቤት ቁጥሩ፣ የካርታ ቁጥሩ ተዘርዝሮ ብዙ ሰው በሚከታተለው ቻናል ላይ ይለጠፋል። ሁለቱም ሻጮች ናቸው። አንዱ ወዶ፣ ሌላው ተገዶ። ወዶ የሚሸጠው ተሸፍኗል፤ ተገዶ የሚሸጠው ተገልጧል። እኛ ደግሞ ይህን እንደ ተራ ነገር ለምደነው፣ የመጀመሪያውን «ፕራይቬሲ ነው» ብለን እናከብርለታለን፣ የሁለተኛውን ማስታወቂያ ስክሪንሾት አንስተን «እገሌ ነው እንዴ?» እያልን እንላላካለን።

ይህ ሐቅ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ደግሞ አንድ በአንድ እንነጋገርበት።

ሁለቱን በአንድ ሰፈር ማየት የፈለገ ልደታ ማርያም አካባቢ ይሂድ። ልደታ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታሰበን ፍርድ ቤቱ ነው፤ ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም። በባቡር መጥታችሁ ልደታ ወርዳችሁ ወደ ፍርድ ቤቱ ስትጠጉ ራፖር ጸሐፊዎቹን ታገኛላችሁ። ድሮ በታይፕ ነበር፣ አሁን በኮምፒውተር ነው። በኦንላይን ተበልቶ የመጣ ወጣት ፊታቸው ቢቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚታወቅ ነው፦ የተከሳሽ ሙሉ ስም? አላውቀውም፣ ቻናሉ ይኼ ነው። አድራሻ? ሜክሲኮ አካባቢ ነኝ ብሎኝ ነበር። ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። ክስ ተከሳሽ ይፈልጋል፣ ተከሳሽ ስምና አድራሻ ይፈልጋል፣ መጥሪያ ደግሞ በዩዘርኔም አይደርስም። ገንዘቡ በቴሌብር የተላከ ከሆነ አንድ ስም ይገኝ ይሆናል፤ እሱም አካውንቱን ለሌላ ሰው ያከራየ ምስኪን ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ፍርድ ቤት፣ ሌላው ወረቀት አለ። የፍርድ ባለመብት እገሌ፣ የፍርድ ባለዕዳ እገሌ፣ በመካከላቸው ባለው የአፈጻጸም ክስ የባለዕዳው ቤት በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት በሐራጅ ይሸጣል የሚለው። ፍርድ ቤቱ ስሙን ያላወቀው አታላይ ከተማውን ሲዞር፣ ስሙን የሚያውቀው ባለዕዳ ግን ከተማው ሁሉ እንዲያውቀው ይደረጋል።

የሻጭ ስም ይደበቅ ወይስ ይገለጥ የሚለው ጥያቄ ከእኛ በፊት በደንብ የተፈተነበት ገበያ አለ፤ የዶሜይን ስም ገበያ። ለማያውቁት፦ ዶሜይን ማለት የዌብሳይት አድራሻ ነው። በዶት ኮም የሚያልቁትን ማንም በዓመት ጥቂት ዶላር ከፍሎ ያስመዘግባል፤ የእኛ አገር ዶት ኢቲ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ጥሩ ስም ውድ ነው፤ አጭርና የሚያዝ ስም ቀድሞ የያዘ ሰው በኋላ በብዙ እጥፍ ይሸጠዋል። ባለቤቱ ማደሱን ከረሳ ደግሞ ስሙ ወዲያው አይጠፋም። ለዶት ኮም የእፎይታ ጊዜ አለ፣ ከዚያ በቅጣት የሚመለስበት 30 ቀን አለ፣ ከዚያ ለመሰረዝ የሚጠበቅበት 5 ቀን አለ። በዚህ መካከል ብዙ ስሞች ወደ ጨረታ ይገባሉ። በዚህ ሥራ የተሰማሩ የእኛም ልጆች አሉ፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ በዶላር መክፈሉና ገንዘብ መቀበሉ ራሱን የቻለ ፈተና ስለሆነ ብዙዎቹ ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ነው የሚሠሩት።

በዚህ ገበያ የባለቤቱ ስም፣ የቤት አድራሻ፣ ስልክና ኢሜይል «ሁ ኢዝ» በሚባል መዝገብ ውስጥ ለማንም ክፍት ሆኖ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ጥቅም ነበረው፤ የሚሸጥልህ ሰው በእርግጥ ባለቤቱ መሆኑን ታያለህ። ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ነበር። አታላዮች መዝገቡን እየለቀሙ የሐሰት የእድሳት ደብዳቤ ይልኩ ነበር፣ ሰው በጻፈው ነገር ቤቱ ድረስ ይታደን ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ሕግ በሜይ 25 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ሲውል የብዙዎቹ ስም ከአደባባይ ተነሳ። በጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ደግሞ የዶት ኮምና የመሰሎቹ ስሞች መዝጋቢዎች አሮጌውን መዝገብ የማቅረብ ግዴታቸው አብቅቶ አዲሱ ሥርዓት ተተካ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ስሙ ከሕዝብ ዓይን ተነሳ እንጂ ከመዝገቡ አልጠፋም። መዝጋቢው ድርጅት ያውቀዋል። ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም በቂ ምክንያት ያለው ሰው በአግባቡ ሲጠይቅ ይወጣል። ከወሬኛ ተሸፈነ፣ ከዳኛ ግን አልተሸፈነም። ሙሉ ክርክራችን የሚቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው፤ በቴሌግራም የምናየው መጋረጃ ከወሬኛውም ከዳኛውም የሚሸፍን ነውና።

ያም ሆኖ በዚያ ገበያም የሻጭ ማንነት አለመታወቁ ስንት ጣጣ እንዳመጣ ሁለት ታሪክ ብቻ እናንሳ።

አንደኛው ስሙን በዚህ ገጽ መጻፍ የማንፈልገው አንድ የዶሜይን ስም ነው። አንድ ሰው በ1994 አስመዘገበው። በ1995 ሌላ ሰው የተጭበረበረ ደብዳቤ ለመዝጋቢው ድርጅት ልኮ ስሙን ወደ ራሱ አዞረ፤ መዝጋቢው ባለቤቱን ደውሎ እንኳ አልጠየቀም። ፍርድ ቤት ለእውነተኛው ባለቤት የመለሰው በ2000 ነው፤ በ2001 ደግሞ ሌባው 65 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት፣ እሱ ግን ከአገር ኮብልሏል። በ2003 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የዶሜይን ስም እንደ ማንኛውም ንብረት የሚሰረቅ ንብረት ነው ሲል ወሰነ። የተሰረቀ ዕቃ ያለበት ገበያ ውስጥ «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ የገዢ መብት ነው። ምን ቴራ፣ ሰባተኛ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የበለጠ እኛን ይነካል። ስናፕኔምስ የሚባል የዶሜይን ጨረታ ድርጅት በኖቬምበር 2009 አንድ ነገር አመነ፦ ከራሱ ከፍተኛ ሠራተኞች አንዱ ከ2005 ጀምሮ በሐሰት ስም አካውንት ከፍቶ በድርጅቱ ጨረታዎች ላይ ሲጫረት ኖሯል። በመግዛት ፍላጎት ብቻ አልነበረም፤ እሱ በገባበት ጨረታ ዋጋው ይወጣል፣ የመጨረሻው ገዢ ከሚገባው በላይ ይከፍላል። ድርጅቱ ልዩነቱን ከነወለዱ እመልሳለሁ አለ። አራት ዓመት ሙሉ ተጫራቾቹ ከማን ጋር እንደሚፎካከሩ ሳያውቁ ኪሳቸው ተራቁቷል።

ይህ ነገር በእኛ ዘንድ ስም አለው፤ ነጅሽ። ዕቃውን ሊገዛ ሳይፈልግ ዋጋ ለማስወደድ የሚጨምር ሰው ሥራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለውታል፤ ሐዲሡ በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበ ነው። ኢንተርኔት ከመፈጠሩ ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመት በፊት! ጨረታ ራሱ አልተከለከለም፤ የተከለከለው በጨረታው ውስጥ የቆመው የሐሰት ሰው ነው። አሁን ግሩፖቻችንን ተመልከቱ። ጨረታ መሪውም ሻጩም፣ «እኔ 500 ጨምሬያለሁ» የሚለው ሦስተኛ አካውንትም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሚያጣራ የለም። ከዚህም የከፋው «ለመስጂድ ነው፣ ለየቲም ነው» ተብሎ በሚደረገው ጨረታ ላይ «ሰው እንዲነሳሳ» ብለው በውሸት የሚጨምሩ መኖራቸው ነው። ዓላማው ኸይር ስለሆነ ነጅሽ ሐላል አይሆንም ወንድሞች። በውሸት ዋጋ የተገነባ ሚናራ ማን ጠየቃችሁ?

ታዲያ «ሻጭ ሁሉ ስሙንና ስልኩን ይለጥፍ» እያልን ነው? በፍጹም። እንዲህ የሚል ሰው አንዲት እህት ኮንዶሚኒየም ቤቷ ተቀምጣ ዐባያና ሒጃብ በቴሌግራም ስትሸጥ ምን እንደሚደርስባት አያውቅም። ስልኳን በለጠፈች ማግስት በሌሊት የሚደውልላት፣ «ዕቃውን ልየው» ብሎ የቤቷን በር የሚጠይቃት፣ ፎቶዋን ፈልጎ የሚያሰራጭ አይጠፋም። የእሷ መሸፈን መብቷ ነው፣ ክብሯም ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆኖ በትርፍ ሰዓቱ ዶሜይን የሚሸጥ ልጅም መሥሪያ ቤቱ፣ አከራዩ፣ ዘመዱ ሁሉ የባንክ ደብተሩን እንዲገምት አይፈልግም፤ ልክ ነው። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የተጻፈ ነው።

ግን ሰውየውን መሸፈንና ዕቃውን መሸፈን ይለያያሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አግብተው ከሥር እርጥብ ያገኙበት ሐዲሥ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። የነጋዴው ጥፋት ምን ነበር? ስሙን መደበቁ አልነበረም። እርጥቡን ከሥር፣ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ነው። ሰውየው በመጋረጃ ይቆይ፣ ዐይቡ ግን ይገለጥ። የስልኩ ስክሪን ተቀይሯል፣ ላፕቶፑ ተከፍቷል፣ ዶሜይኑ ቀድሞ የቁማር ድረ ገጽ ነበረበት ብሎ መናገር ስምን ማጋለጥ አይደለም። ብዙ ሻጭ ግን «ፕራይቬሲ» የሚለውን ቃል የሚያነሳው ስሙን ለመጠበቅ ሳይሆን እርጥቡን እህል ለመጠበቅ ነው።

መንገዱን ለማሳጠር እንጂ የቻናል ሽያጭን ነገር ብንጀምረው አያልቅም። የዳዕዋ ቻናል ነው ብለን የተከተልነው፣ ሐዲሥ ሲለጥፍልን የከረመ ቻናል አንድ ቀን ጠዋት ስሙን ቀይሮ የቤቲንግ ማስታወቂያ ይዞ ይነሳል። ተሽጧል። ማን ሸጠው? ለማን? ስንት? እኛ ተከታዮቹ የዕቃው አካል ሆነን ተሸጠናል፣ ሻጫችንን ግን አናውቀውም። ቴሌግራም ላይ ዩዘርኔም ራሱ ከ2022 ጀምሮ ፍራግመንት በሚባለው መድረክ በጨረታ ይሸጣል፤ እዚያ ሻጩ የክሪፕቶ ዋሌት ቁጥር ብቻ ነው። ሰው ለዲኑ ብሎ ያመነውን ቦታ ሳይነግረው መሸጥ የአማና ጉዳይ ነውና የሚሸጥ ካለ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ «ቻናሉ ባለቤት ሊቀይር ነው፣ መውጣት የምትፈልጉ ውጡ» ይበል።

አሁን ወደ ተገዶ ወደሚሸጠው እንመለስ፤ የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስታወቂያው በሠንጠረዥ ይወጣል። የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የሐራጅ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። «አስያዥ» የሚለው ዓምድ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ ተበዳሪውና አስያዡ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ልጁ ሥራ እንዲጀምር ካርታዋን ያስያዘች እናት፣ ለወንድሙ የተዋሰ ወንድም። አንዲት ብር ሳትበደር፣ በልጇ አምና ስለፈረመች ብቻ ስሟ ከነቤት ቁጥሯ አደባባይ ይወጣል።

ድሮ ይህ በጋዜጣ ነበር፤ ጋዜጣው በማግስቱ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። ነውሩ ዕድሜው አጭር ነበር። አሁን ማስታወቂያው በፎቶ ተነስቶ ወደ ቻናል፣ ከቻናል ወደ ድረ ገጽ ይገባል፤ ስሙ በተፈለገ ቁጥር ይመጣል። ባለዕዳው ከሐራጁ በፊት ከፍሎ ቢጨርስ፣ ከባንኩ ጋር ቢስማማ፣ ሐራጁ ቢሰረዝ ማስታወቂያው አይነሳም። «ተከፍሏል» የሚል ማስተካከያ የሚለጥፍ ቻናል አይተን አናውቅም። ከአምስት ዓመት በኋላ ልጁ ኒካሕ ሊያስር ሽማግሌ ሲልክ የልጅቷ ወንድም የቤተሰቡን ስም ይፈልጋል፤ የሚያገኘው የሐራጁን ሠንጠረዥ ነው። መርካቶ በዱቤ ዕቃ ሊያወጣ ሲል የሚያገኘው እሱን ነው።

ይህም በዓለም ላይ አዲስ ክርክር አይደለም። በ1998 (እ.ኤ.አ.) ስፔን ውስጥ አንድ ጋዜጣ የአንድ ሰው ንብረት በማኅበራዊ ዋስትና ዕዳ ምክንያት በሐራጅ እንደሚሸጥ ሁለት ጊዜ አወጣ። ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ፣ ጉዳዩም ከተዘጋ ቆየ። ስሙን ጎግል ላይ የጻፈ ሁሉ ግን የሚያገኘው ያንን ማስታወቂያ ሆነ። ሰውየው አቤት አለ፤ ጉዳዩ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሜይ 13 ቀን 2014 ፍርድ ቤቱ በስሙ ሲፈለግ ያ ውጤት እንዳይመጣ እንዲደረግለት መጠየቅ መብቱ ነው አለ። «የመረሳት መብት» የሚባለው የታወቀው ከዚህ ክስ ነው። የሰውየውን ስም እናውቃለን፤ አንጽፈውም፤ የተከራከረው እንዲረሳ ነውና። ልብ በሉ፣ ጋዜጣው ማስታወቂያውን እንዲያጠፋ አልተገደደም፤ በጊዜው በመንግሥት ትእዛዝ የወጣ ሕጋዊ ነገር ነበር። ማውጣትና ለዘላለም ማንጠልጠል አንድ እንዳልሆኑ ያየ ፍርድ ነው።

በአገራችንም ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብና እንዳይቆይ የሚሉት መርሖች አዋጁ ውስጥ አሉ። የሐራጅ ማስታወቂያ ዓላማው ገዢ መጥራት ነው። ሐራጁ ካለፈ በኋላ ስሙ እዚያ ምን ይሠራል?

አሁን የሚመጣብንን መልስ እናውቀዋለን፤ ከዚህ በፊትም ሰምተነዋል።

«ገዢው ከማን እንደሚገዛ ማወቅ አለበት» ይሉናል። ትክክል። ግን ማን ነው ገዢው? ማስታወቂያውን አንብቡ፤ ተጫራች የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ ወይም በጥሬ ገንዘብ አስይዞ ነው የሚገባው። መነሻው 4 ሚሊዮን ብር ከሆነ 1 ሚሊዮን ብር ይዞ የመጣ ሰው ነው ተጫራች የሚባለው። ለእሱ መታወቂያውን አሳይቶ ፋይሉ ይከፈትለት፤ ስሙን፣ ካርታውን፣ ዕገዳ መኖር አለመኖሩን ያጣራ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን የሚያገላብጠው ሰው ግን አንድ ብር አላስያዘም። ለምን ስሙን ይወቅ? በሩ አለ፣ ሕጉ ራሱ በር ሠርቷል፤ ስሙን ከበሩ ውጭ የጣሉት ሰዎች ናቸው።

«ሚስት፣ ወራሽ፣ ሌላ ባለመብት በማስታወቂያው ነው የሚሰማው» የሚለው ግን ከባድ ክርክር ነው፤ አናቃልለውም። ባሏ ሳይነግራት ቤቷ በሐራጅ ሊሸጥ መሆኑን ከጋዜጣ ያወቀች ሴት ትኖራለች። ለዚህ ግን የቤቱ አድራሻና የካርታ ቁጥሩ ይበቃል፤ ሰው የራሱን ቤት ቁጥር ያውቀዋል። በቤቱ በር፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤትና በፍርድ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ስሙ ጭምር ይለጠፍ፤ ጉዳዩ የሚነካው ሰው ያለው እዚያ ነው። አሜሪካ ያለ የቻናል ተከታይ የቤቱ ወራሽ አይደለም። ቢሆንም እንኳ በቤቱ አድራሻ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ክርክር ከዲን የሚመጣ ነው፤ እሱን ደግሞ በቁም ነገር መመለስ ይኖርብናል። መክፈል የሚችል ሆኖ የሚያጓትት ሰው ዛሊም መሆኑ በሐዲሥ መጥቷል፤ ክብሩ ሊነካ እንደሚችልም የተዘገበ አለ። ስለዚህ «ባለዕዳን ማጋለጥ ይፈቀዳል» የሚሉ አሉ። ያነበቡት ግማሹን ነው። የተባለው ለሚችለው ነው፤ ይዞ ለሚከለክለው። ለማይችለው ግን በሱረቱል በቀራህ የታዘዘው እስኪቀናው መጠበቅ ነው፣ መተውም ይበልጣል። የሐራጅ ሠንጠረዥ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚለይ ዓምድ የለውም። ወርቅ ደብቆ የካደውም፣ ሱቁ ተቃጥሎበት የወደቀውም፣ ብር ሲዳከም የውጭ ዕቃ ዋጋ ወጥቶበት የከሰረውም፣ ለልጇ የፈረመችውም በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መሆኑን አትርሱ። ጻፉት ተባለ፣ ሁለት ምስክር አቁሙ ተባለ። በባለዕዳውና በአበዳሪው መካከል፣ በጸሐፊና በምስክር ፊት። ለገበያው ሁሉ ይነበብ አልተባለም።

ታዲያ ምን እንጠይቃለን?

ከኦንላይን ሻጮችና ከግሩፕ አድሚኖች የምንፈልገው የሚያደክም አይደለም። አድሚን ሆኖ ጨረታ የሚመራ ሰው የሻጩን ማንነት እሱ ራሱ ያውቅ፣ ለሕዝብ ግን አይለጥፍ። የፋይዳ መታወቂያ አለ፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ቆይቷል። ሻጩን አንድ ጊዜ አረጋግጦ በዝግ መያዝ፣ ክርክር ሲነሳና ፍርድ ቤት ሲጠይቅ መስጠት ይቻላል። የዶሜይን መዝጋቢዎቹ የሚያደርጉት ይኸው ነው። ያች ዐባያ የምትሸጥ እህት ስልኳ አይታይም፤ የሚያታልለው ግን ልደታ ላይ መጥሪያ ይደርሰዋል። ይህን የማያደርግ አድሚን ከየጨረታው ኮሚሽን እየበላ «እኔ አላውቀውም» ሊል አይገባውም። ካላወቅከው ለምን ወደ ግሩፑ አስገባኸው? ኮሚሽን የወሰደ ደላላ በጥንቱም ገበያ ቢሆን ሻጩን የማያውቅ ደላላ አይባልም ነበር።

ከተጫራቾች ደግሞ፣ በአንድ ጨረታ አንድ አካውንት። ጓደኛህ «ዝም ብለህ ጨምርልኝ» ሲልህ የሚጠይቅህ ነጅሽ መሆኑን እወቅ፤ እምቢ በለው።

የሐራጅ ማስታወቂያ ሰብስበው የሚለጥፉ ቻናሎች የሚሠሩት ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ቤት ፈላጊ በእነሱ ይጠቀማል፣ ተጫራች ሲበዛ ዋጋው ስለሚወጣ ባለዕዳውም ይጠቀማል። እንዳይለጥፉ አንጠይቅም። ስሙን ሸፍናችሁ ለጥፉ ነው የምንለው። ፎቶ ላይ ጥቁር መስመር ማስመር አሥር ሰከንድ አይፈጅም። የሐራጁ ቀን ካለፈ በኋላ አንሱት። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እኛም በገጻችን ግሩፕ ውስጥ የባለዕዳ ስም ያለበት የሐራጅ ማስታወቂያ የሚያጋራ ሰው መልእክቱ ይነሳበታል፤ በሁለተኛው ይወጣል።

ባንኮችና የፍርድ አፈጻጸም ክፍሎች ደግሞ የሠንጠረዡን ሁለት ዓምድ በአንድ የመዝገብ ቁጥር ይቀይሩት። ለኦንላይኑ የሚበቃው ይህን ያህል ነው፦

የመዝገብ ቁጥር። አዲስ አበባ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የካርታ ቁጥር። ኮንዶሚኒየም፣ 3ኛ ፎቅ፣ ባለ 2 መኝታ። የሐራጅ መነሻ ዋጋ። ሐራጁ የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት። ንብረቱን ማየት የሚቻልበት ቀን። ተጫራቾች መታወቂያና የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ ይዘው ሲቀርቡ ሙሉ ፋይሉን መመልከት ይችላሉ።